የትኛው ፓኬጅ፣ የትኛው ሴቲንግ? ዳታ ቶሎ ለሚያልቅበት የባሕር ዳር ሰው

«ጠዋት ገዝቼ ማታ አለቀ» የሚለውን እሮሮ ባሕር ዳር ውስጥ ያልሰማ የለም። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ ተማሪው ይለዋል። አባይ ማዶ ባለ ሱቋ ትለዋለች። ባጃጅ ሹፌሩም መልስ እየቆጠረ ይለዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «ቆይ፣ የትኛው ፓኬጅ ነው የሚሻለው?»

መልሱ እንደ ሰዉ ነው። ተማሪ፣ ጀልባ ነጂ እና ልጇ ውጭ አገር ያለባት እናት አንድ ዓይነት ፓኬጅ አይበጃቸውም። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሻል የመሰለኝን እናገራለሁ። የፓኬጆቹን ዋጋ ግን አልጠቅስም፤ ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የዕለቱን ለማየት በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# መደወል ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ልበል። አንድ ሜጋ ስንት ሳንቲም ነው እያሉ ብቻ ፓኬጅ መምረጥ ያሳስታል። ማወዳደር ያለባችሁ የከፈላችሁትን ብር በትክክል ለተጠቀማችሁበት ሜጋ አካፍላችሁ ነው። ሳትነኩት ቀኑ ያለፈበት ሜጋ ተከፍሎበታል። እናንተ ሳታዩት ስልኩ በራሱ ጊዜ ያወረደውም ተከፍሎበታል።

ዳታው የት ነው የሚገባው?

ፓኬጅ ከማማረጣችሁ በፊት ስልኩን ጠይቁት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚባል ገጽ አለ። ቦታው እንደ ስልኩ ይለያያል፤ ሳምሰንግ ላይ «ኮኔክሽንስ» ሥር ነው። ካጣችሁት ሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ገጹ የትኛው አፕ ስንት እንደበላ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሮ ያሳያችኋል። አይፎን ላይም «ሴሉላር» ወይም «ሞባይል ዳታ» ውስጥ ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ተመሳሳይ ዝርዝር አለ። የአይፎኑን ቆጠራ ግን ራሳችሁ ሪሴት ካላደረጋችሁት የድሮውን ሁሉ እየደመረ ስለሚሄድ ቁጥሩ ሲያስደነግጣችሁ አትገረሙ።

አንድሮይድ ላይ አንዱን አፕ ስትነኩት ፍጆታውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ «ፎርግራውንድ» እና «ባክግራውንድ» ይላል። የመጀመሪያው እናንተ ከፍታችሁ የተጠቀማችሁት ነው። ሁለተኛው ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ አፑ ከጀርባ የበላው ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ብሎ ሳለ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት የሚያፈስ ሮቶ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ካለ ደግሞ ነገሩ በአብዛኛው ቪዲዮ ነው። ጽሑፍ ዳታ አይጨርስም። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ብትጻጻፉ ፎቶና ቪዲዮ ከሌለበት ጥቂት ሜጋ ቢወስድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ግን አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ144 ጥራት ሲታይ 100 ሜጋ አካባቢ ይሄዳል። በ360 ከሆነ ወደ 300 ሜጋ፣ በ480 ከሆነ ወደ 500 ሜጋ ይጠጋል። 720 ላይ 1 ጊጋን ያልፋል። 1080 ላይ ከ2 እስከ 3 ጊጋ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ እንደ ቪዲዮው ይነስም ይብዛም ልዩነት አላቸው። ነገር ግን በ144 እና በ1080 መካከል ያለው ርቀት ከየትኛውም የፓኬጅ ቅናሽ ይበልጣል።

ጥሪም እንደዚሁ ነው። በዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋ ገደማ ይወስዳል፤ የቪዲዮ ጥሪ ግን 5 ሜጋ ገደማ። አንድ ሰዓት ከልጅ ጋር በቪዲዮ ማውራት 300 ሜጋ ነው ማለት ነው። በድምፅ ብቻ ቢሆን 30። እናት የልጇን ፊት ማየት ትፈልጋለች፣ ይህን ማንም አይከለክላትም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በቪዲዮ ተያይቶ፣ ረጅሙን ወሬ በድምፅ መቀጠል ግን ይቻላል።

የመዝሙሩ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነው። አምስት ደቂቃ የሚሆን መዝሙር በድምፅ ፋይል ቢወርድ 5 ሜጋ አካባቢ ነው። አንዴ ከወረደ እስክትጠግቡት ብትሰሙት ሌላ ሜጋ አይነካም። ያንኑ መዝሙር ዩቲዩብ ላይ በ360 በከፈታችሁት ቁጥር 25 ሜጋ ገደማ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ስትሰሙት 250 ሜጋ ሆነ። የሚደጋገም ነገር ይውረድ። አንዴ ታይቶ የሚረሳ ነገር በዝቅተኛ ጥራት ይታይ።

ሦስቱ የስልኩ መከላከያዎች

አንድሮይድ ዳታ ለመቆጠብ ሦስት መንገድ ይሰጣችኋል፤ ሰው ግን ሦስቱን ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው «ዳታ ሴቨር» ነው። በ2016 በፈረንጆቹ በአንድሮይድ 7 የመጣ ነው። ሲበራ ያልከፈታችኋቸው አፖች ከጀርባ የሞባይል ዳታ እንዳይነኩ ይዘጋል። ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ ሥራ የለውም። ጥቅሙ በአንድ ንክኪ ሁሉንም ማስቆሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንዳንድ መልእክት አፑን እስክትከፍቱ ድረስ ላይመጣላችሁ መቻሉ ነው። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ «አንሪስትሪክትድ ዳታ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ቴሌግራምን ወይም የምትሠሩበትን አፕ ነፃ ታደርጋላችሁ። አንድ ነገር ግን አትጠብቁበት፤ ዳታ ሴቨር በርቶ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰዓት ብትቀመጡ እሱ አያድናችሁም። የከፈታችሁትን አፕ አይዘጋም።

ሁለተኛው አፕ በአፕ መዝጋት ነው። ከዳታ ዩሴጁ ዝርዝር ላይ ጥፋተኛውን ነክታችሁ «ባክግራውንድ ዳታ» የሚለውን ታጠፋላችሁ። ቀስ የሚል መንገድ ነው፤ ለእኔ ግን ከዳታ ሴቨሩ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ ከሦስት ወይም ከአራት አፕ አይበልጡም። እነሱን ከዘጋችሁ ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ይሠራል።

ሦስተኛው ገደብ ነው። «ዳታ ሊሚት» ላይ 2 ጊጋ ብላችሁ ብትጽፉ ልክ እዚያ ሲደርስ ስልኩ የሞባይል ዳታውን ይቆርጣል። «ዳታ ዋርኒንግ» ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚያስቸግር ነገር አለ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን፣ ከወር እስከ ወር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የቀን ወይም የሳምንት ፓኬጅ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ገደቡ ለወር ፓኬጅ ገዢ ይጠቅማል፤ ስልኩ ወሩን መቁጠር የሚጀምርበትን ቀን («ሳይክል» ይለዋል) ፓኬጁ ከተገዛበት ቀን ጋር ማስተካከል ብቻ ነው። ለቀን ፓኬጅ ገዢ ግን ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል። ደግሞም የስልኩ ቆጠራ እና የድርጅቱ ቆጠራ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ገደቡን ከፓኬጁ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

አይፎን ላይ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ያለው «ሎው ዳታ ሞድ» ነው፤ እሱን አብሩት። «ዋይፋይ አሲስት» የሚባለውን ግን አጥፉት። ዋይፋዩ ሲደክም ሳይጠይቃችሁ ወደ ሞባይል ዳታ የሚያሻግራችሁ እሱ ነው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ነኝ ብላችሁ ካርዳችሁን የምትበሉት እንደዚህ ነው።

ቴሌግራም ላይ ትንሽ እንቆይ

እዚህ ከተማ ቴሌግራም ሳይከፍት የሚውል ሰው ጥቂት ነው። የክፍል ግሩፕ አለ፣ የሰበካ ቻናል አለ፣ የዕቁብ ግሩፕ አለ፣ የቤት ኪራይ ቻናል አለ። ሁሉም ፎቶና ቪዲዮ ይለቃሉ። ስልኩ ደግሞ ካልከለከላችሁት የተለቀቀውን ብዙውን ያወርዳል። «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ግቡና ሞባይል ዳታ ስትጠቀሙ የሚሠራውን «አውቶ ዳውንሎድ» ተመልከቱ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው፤ ፎቶ ሁሉ ደብዝዞ ይታያችኋል፣ የምትፈልጉትን ትነካላችሁ። ሌላው ለይቶ መፍቀድ ነው፤ ከሰው በግል የመጣ ፎቶ ይውረድ፣ የግሩፕና የቻናል ቪዲዮ አይውረድ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ያጠፋ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ሰልችቶት መልሶ ሲያበራው ነው የማየው።

ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወትም «አውቶ ፕሌይ»ን አጥፉ። ለጥሪ ደግሞ «ዩዝ ሌስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚል አለ፤ ሞባይል ዳታ ላይ ሁልጊዜ እንዲሠራ አድርጉት።

አሁን ደግሞ ሰው የማያስበው ጉዳይ። ቦታ የጠበበበት ስልክ ያለው ሰው በየሳምንቱ ካሽ፣ ማለትም አፑ አውርዶ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል፣ ያጸዳል። ቴሌግራም ፋይል ስንት ቀን እንደሚያቆይ የሚወስነውን «ኪፕ ሚዲያ»ንም ጥቂት ቀን ላይ ያደርገዋል። ስልኩ ይቀልለታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ያን የሌክቸር ፒዲኤፍ ወይም ያን የቅዳሜ ስብከት እንደገና ሲከፍተው እንደገና ከሰርቨር ይወርዳል። ያው ፋይል ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዳታ ይበላል። ፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ለፈተና ሰሞን የሚያስፈልገውን ፋይል «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» ብሎ ያውጣው። ከዚያ ካሹን እንደፈለገ ያጽዳ።

የሌሎቹ አጭር ነው። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት አድርጉ። ቲክቶክ የራሱ «ዳታ ሴቨር» አለው፣ ይብራ፤ ቀጣዮቹን ቪዲዮዎች ገና ሳትደርሱባቸው ስለሚያዘጋጅ ዳታ አይምርም። ዋትሳፕ ላይ «ሚዲያ አውቶ ዳውንሎድ» ይጥፋ። ዩቲዩብ ላይ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራውን ጥራት «ዳታ ሴቨር» ላይ አድርጉት። ፕሌይ ስቶር አፕዴት የሚያደርገው ዋይፋይ ላይ ብቻ ይሁን። ጉግል ፎቶስም በሞባይል ዳታ ባክአፕ እንዳያደርግ ዝጉት። ጥምቀት ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ በካርዳችሁ ወደ ላይ ሲጫን ማየት አትፈልጉም።

4ጂውን አጥፍቼ 3ጂ ላይ ልሁን የሚሉ አሉ። ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ነገሩን ሁሉ በማዘግየት ነው። ያው 5 ሜጋ ፎቶ በ3ጂም 5 ሜጋ ነው። በ4ጂ የሚበዛው ቪዲዮው ፍጥነቱን አይቶ ጥራቱን በራሱ ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ጥራቱን ራሳችሁ ከወሰናችሁት 4ጂን መፍራት አያስፈልግም።

የቀን፣ የሳምንት ወይስ የወር?

ወረቀት ላይ የወር ፓኬጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል። አንድ የስሌት ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል እንጂ የማንም ታሪፍ አይደለም። 10 ጊጋ የወር ፓኬጅ 300 ብር ነው እንበል። ጊጋው 30 ብር መጣ። 1 ጊጋ የሳምንት ደግሞ 60 ብር ነው። እጥፍ ተወደደ። ታዲያ እናንተ በወር የምትጠቀሙት 4 ጊጋ ብቻ ከሆነስ? የወሩን ገዝታችሁ 6 ጊጋ ሲቃጠልባችሁ ጊጋው 75 ብር ሆነ። በየሳምንቱ እየገዛችሁ አሟጣችሁ ከጨረሳችሁ 240 ብር ይበቃችኋል፤ ጊጋው 60 ብር ላይ ቀረ። ርካሹ ተወደደ፣ ውዱ ረከሰ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዳታ ዩሴጅ ላይ ያለፈው ወር ስንት እንደሆነ እዩ። በየወሩ ተቀራራቢ ከሆነና ከፓኬጁ ብዙ የማያንስ ከሆነ የወሩን ግዙ። አንዳንድ ሳምንት ብዙ፣ አንዳንድ ሳምንት ምንም ከሆነ የሳምንቱ ይሻላል። ሥራው እንደ እንግዳው የሆነ አስጎብኚ ወይም ጀልባ ነጂ የዚህኛው ወገን ነው። እንግዳ ሲበዛ ፎቶ ይልካል፣ ቀጠሮ ይይዛል፤ ሲጠፋ ደግሞ ስልኩ ከጥሪ በቀር ሥራ የለውም።

ለእኛ አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። ኔት ሲጠፋ የፓኬጁ ቀን አይቆምም፣ ይቆጥራል። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ሰሞን ረጅም ፓኬጅ መግዛት አደጋው ለገዢው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አጭሩ ቢወደድም አጭሩን እመርጣለሁ።

የቀን ፓኬጅ ለማን ነው? ቤትም ሥራ ቦታም ዋይፋይ ላለው፣ ዳታ የሚያስፈልገው ሲወጣ ብቻ ለሆነ ሰው። በየቀኑ የሚገዛ ሰው ግን ራሱን ያታልላል፤ የሰባት ቀኑን ደምሮ ከሳምንቱ ጋር ያስተያየው። ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ሰዓት ነው ወይስ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ? የሚመጣውን መልእክት አንብቡ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ገዝቶ ሁለት ሰዓት ብቻ መጠቀም አያስደስትም።

የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ነው፣ ግን እንቅልፍ ያስከፍላል። ትልቅ ፋይል ማውረድ ላለበት ተማሪ ጥሩ ነው፤ ዳውንሎዱን አስጀምሮ መተኛት ይቻላል። ጨረስኩ ብሎ ዳታውን ሳያጠፋ የተኛ ግን ሰዓቱ ሲያልፍ ሌላው ሒሳቡ ይነካል።

የሶሻል ሚዲያ ፓኬጅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ፌስቡክ ላይ ያያችሁትን ሊንክ ስትነኩ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ከሄዳችሁ ከፓኬጁ ወጥታችኋል። ሁለተኛው ቪፒኤን ነው፤ ትራፊካችሁን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው አፕ። ድርጅቱ ይህ ፌስቡክ ነው፣ ይህ ቴሌግራም ነው ብሎ የሚለየው ትራፊኩን አይቶ ነው። ቪፒኤን ሲበራ የሚያየው ቪፒኤኑን ብቻ ነው። ስለዚህ የፌስቡክ ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ በቪፒኤን ፌስቡክ ከፍታችሁ፣ ከሌላ ሒሳብ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ቪፒኤን በራሱም ትንሽ ተጨማሪ ዳታ ይወስዳል። ሳያስፈልግ በርቶ አይደር።

ያልተገደበ የሚባለው ፓኬጅስ? ስልክ ለሥራቸው ለሆነ፣ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብተው ለሚሸጡ፣ ቪዲዮ ለሚጭኑ ሰዎች ይመቻል። የሚጫን ቪዲዮ እንደሚታየው ሁሉ ዳታ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ለሌላው ሰው ግን «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ደስ ስለሚል ብቻ ባይገዛ ይሻላል። ደግሞ ደንቡን አንብቡ፤ የተወሰነ ጊጋ ካለፈ ፍጥነት ይቀንሳል የሚል መስመር ካለ ያልተገደበው ፍጥነቱ አይደለም።

ፓኬጁ ሲያልቅ ስልኩ በዋናው ሒሳብ ላይ እንዳይቀጥል አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ካርድ ብዙ አትሙሉ። ብሩ ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ ላይ ይቀመጥ፣ ፓኬጁን በቀጥታ ከዚያ ግዙ። ዋናው ሒሳብ ላይ ጥቂት ብር ብቻ ካለ የሚበላው ነገር የለም። የቀረውን በኢትዮ ቴሌኮም *804# ታያላችሁ።

ሁለት ሲም፣ አንድ ኪስ

ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07ን አንድ ስልክ ላይ የሚይዝ ሰው በዝቷል። ጥሩ ነው፤ ዋጋ ታወዳድራላችሁ፣ አንዱ ሲደክም በሌላው ትሠራላችሁ። የትኛው ይፈጥናል ለሚለው ግን መልሱ የሰፈራችሁ ነው። ሽምብጥ ላይ የሚፈጥነው ሰባታሚት ላይ ላይፈጥን ይችላል። ከጓደኛ ሆትስፖት ቤታችሁ ውስጥ፣ በምትጠቀሙበት ሰዓት፣ ማታ ላይ ሞክሩት። ከከተማ ወጣ ለሚል ሰው ግን የኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ሰፊ ስለሆነ 09ን ዋና ማድረግ ይሻላል።

ሁለት ሲም ላይ የሚረሳው ዳታ በራሱ ሲም እንዲቀያይር የሚያደርገው ቁልፍ ነው። እሱ በርቶ ከሆነ ፓኬጅ ያለው ሲም ሲደክም ስልኩ ፓኬጅ ወደሌለው ይሻገራል። አጥፉት።

ዋይፋይ፣ እና የሆትስፖት ጣጣ

አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ስልክ ካለ፣ ቴሌቪዥኑም ዩቲዩብ የሚያሳይ ከሆነ የቤት ኢንተርኔት በወር የሚያወጣው ለሁሉም ሞባይል ፓኬጅ ከሚወጣው ያንሳል። የሚሸጠው በፍጥነቱ ልክ ስለሆነ ሜጋ አትቆጥሩም። ለተከራይም ይሆናል፤ ከአከራይና ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መክፈል የተለመደ ነው። ጉድለቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለውም ሰው ትንሽ የሞባይል ፓኬጅ በእጁ ቢኖር አይጠላም። ብቻውን ለሚኖርና ቀኑን ውጭ ለሚውል ሰው ግን የቤት መስመር አይመከርም፤ ለባዶ ቤት መክፈል ነው።

የካፌ ዋይፋይ ለአፕዴት ጥሩ ነው። ለባንክ አፕ ግን የራሳችሁ ዳታ ይሻላል፤ አንድ ክፍያ ለመፈጸም የሚሄደው ዳታ እዚህ ግባ አይባልም።

ሆትስፖት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ላፕቶፓችሁን ከስልካችሁ ስታገናኙት ላፕቶፑ የሚያየው ዋይፋይ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ አፕዴቱን ሊያወርድ ይችላል። አንዱ አፕዴት ብዙ ጊጋ ሊሆን ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለአስተማሪው በኢሜይል ሊልክ የተገናኘ ተማሪ የሳምንት ፓኬጁን በአንድ ማታ የሚያጣው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፍታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው ተቆጥሮ የሚከፈልበት መስመር ማለት ነው) የሚለውን አብሩ። የጓደኛ ሆትስፖት ስትይዙ ስልካችሁም ላይ ያንን ዋይፋይ «ሚተርድ» አድርጉት። አለዚያ በጓደኛችሁ ብር ፎቶአችሁን ባክአፕ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ መኮራረፍ ይመጣል።

ሐይቁ ላይ

ጣና ላይ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ለሚሄድ ሰው ምርጫው ከፓኬጅ በፊት ነው። ከባሕር ዳር ራቅ ሲባል ሲግናል ይዳከማል። በደካማ ሲግናል ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ያልተሳካ ዳውንሎድም ደግሞ ደጋግሞ ይጀመራል። ካርታውን ከተማ ሳላችሁ ዋይፋይ ላይ አውርዱ። ጉግል ማፕስ ላይ ጣናን በሙሉ የሚሸፍን ክፍል መርጣችሁ «ኦፍላይን ማፕስ» ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፤ ኔት ጠፍቶም ጀልባዋ የት እንዳለች ሰማያዊዋ ነጥብ ታሳያችኋለች። ኦርጋኒክ ማፕስም በኦፍላይን ይሠራል፣ ጉግል አካውንትም አይጠይቅም። ለእግር መንገድ እሱን እመርጣለሁ፤ የንግድ ቤት ለመፈለግ ጉግል ይሻላል።

ለእንግዶች የሚላክ ፎቶን ደግሞ ጀልባው ላይ ሆኖ አንድ በአንድ ከመላክ ስትመለሱ መላክ ይሻላል። አጠገባችሁ ላለ ሰው ከሆነ ደግሞ ዳታ ለምን? ዜንደር ወይም ክዊክ ሼር ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ምንም ሜጋ ያሻግራል። ፊልምና ሙዚቃን ሱቅ ሄዶ ሚሞሪ ላይ ማስጫንም አሁንም አለ፤ የጊጋውን ሒሳብ ለሠራ ሰው አያሳፍርም።

ቀላል አፖች

ስልኩ ትንሽ ለሆነ ሰው ፌስቡክ ላይት ከዋናው ይሻላል። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ድረ ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ለዜና ማንበቢያ አሪፍ ነው። ነገር ግን ከፍተኛ መጭመቂያው ሲበራ ገጹ የሚያልፈው በእነሱ ሰርቨር ተፈትቶ ነው፤ የይለፍ ቃል አትጻፉበት። ክሮም ላይ የነበረው ዳታ ቆጣቢ በ2022 በፈረንጆቹ ተቋርጧል፤ በድሮ ጽሑፍ ተመርታችሁ አትፈልጉት። «ዩቲዩብ ጎ» የሚባለው ቀለል ያለ አፕም ያኔውኑ ነው የቀረው። «ዳታ ይቆጥባል» እያሉ ማስታወቂያ የሚያሳዩ የማይታወቁ አፖችን ግን አትጫኑ። ማስታወቂያው ራሱ ዳታ ነው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ግቢ ውስጥ ዋይፋይ የሚያገኝ ተማሪ የሳምንት ፓኬጅ ይያዝ፤ ትልልቁን ፋይል ግቢ ውስጥ ያውርድ፣ ቴሌግራም ላይ የግሩፕ አውቶ ዳውንሎድን ይዝጋ። ባለ ሱቋ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጥ ከሆነ የወሩ ይበጃታል፤ ዕቃዋን የምታስተዋውቅበትን ቪዲዮ ግን ሱቋ ዋይፋይ ካለው እዚያ ትጫነው። ባጃጅ ሹፌር ዳታ የሚያስፈልገው ለጥሪና ለክፍያ ከሆነ ከሁሉም ትንሹ ይበቃዋል፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ቲክቶክ የሚያይ ከሆነ ግን ፓኬጅ ከመቀየሩ በፊት የቲክቶኩን ዳታ ሴቨር ያብራ።

ልጇ ውጭ ላለባት እናት ደግሞ ስልኩን የሚያስተካክልላት የቤት ሰው ይኑር። ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ «ዩዝ ሌስ ዳታ ፎር ኮልስ» ይብራላት። ልጁ ሁልጊዜ እሑድ የሚደውል ከሆነ የወር ፓኬጅ አያስፈልጋትም፤ የዚያን ዕለት የቀን ፓኬጅ ይገዛላት። ልጁም ቢሆን ከውጭ ሆኖ በቴሌብር ሊልክላት የሚችለውን ብር ለካርድ ከሚሆን ለፓኬጅ ይሁን ብሎ ይንገራት፤ ገዝቶ የሚሰጣት የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ አይጠፋም።